ደብረ ማርቆስ ምን ጎደላት?

«እዚህ ከተማ ምን አለና? ጥበብ ያለው አዲስ አበባ ነው» የሚል ሮሮ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ አይጠፋም። እኛ ግን አንስማማም። የጎጃም ቅኔ ቤቶች እኮ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከመጀመሩ ከስንት ዘመን በፊት የነበሩ ናቸው! ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህም የቅኔ ሰው ነው።

የቅኔ ተማሪ የትናንቱን አይደግምም። የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። እስቲ ሃንድአውት ሸምድደን ለምንመረቅ ልጆች ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ? የጎደለን ጥበብ አይደለም። የቆሎ ተማሪውና የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በአንድ መንገድ እየተላለፉ አለመተዋወቃቸው ነው ችግሩ።

የምንለው አጭር ነው፦ በወር አንድ ምሽት የግቢው አዳራሽ ይከፈት። የቅኔ መምህር እንደማንኛውም ተጋባዥ ምሁር አበል ተከፍሏቸው በክብር ይምጡ፤ ግእዙን በአማርኛ፣ ሰሙንም ከወርቁ ይፍቱልን። ከዚያ የእኛ ገጣሚዎች ያንብቡ፤ እሳቸውም ሳይራሩ ይተቹን። የሚያጨበጭብልንማ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚያርመን ነው።