የድኻ እራት ሲወደድ

በ11ኛ ክፍል ተማሪ

የሰው ልጅ ለመኖር ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ምግብ ቀዳሚውን ስፍራ እንደሚይዝ ታናሹም ታላቁም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ምግብ ሁሉ አንድ አይደለም። ለበዓል የሚቀርብ አለ፤ ለእንግዳ የሚሠራ አለ፤ ደግሞም ሠራተኛው ማታ ከሥራ ሲመለስ በኪሱ ባለችው ጥቂት ገንዘብ ገዝቶ፣ ለአንድ ምሽት ያህል ከባለጸጋ እኩል የጠገበ ሆኖ እንዲሰማው የሚያደርግ አለ። እኔ ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። ምሳሌዬም እንግሊዞች «ፊሽ ኤንድ ቺፕስ» የሚሉት የዓሣና የድንች ጥብስ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «እንጀራ በወጥ እየበላህ ያደግህ ልጅ፣ የእንግሊዝ አገር ዓሣ ምን አገባህ?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለኝ። አንደኛ፣ እትዬ ብዬ የምጠራቸው የእናቴ ታላቅ እኅት በለንደን ከተማ ብዙ ዘመን የኖሩ ስለ ሆነ፣ የዚህን ምግብ ነገር በስልክ እየሰማሁ አድጌአለሁ። ሁለተኛ፣ የአንድን ርካሽ ምግብ ዋጋ መናር የመረመረ ሰው፣ ባሕርና ጦርነት፣ ነዳጅና ግብር እንዴት አድርገው በአንድ ሳህን ላይ እንደሚገናኙ ያያል። ሦስተኛውን ምክንያቴን ግን ለመጨረሻው አቆየዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ምግቡ ሲታይ ቀላል ነው። ኮድ ወይም ሐዶክ የሚባለውን ሥጋው ነጭ የሆነ የባሕር ዓሣ አጥንቱን አውጥተው፣ በቀጭን የዱቄት ሊጥ ነክረው፣ በጋለ ዘይት ውስጥ ይጥሉታል፤ ሊጡ ቅርፊት ሠርቶ ወርቅ ሲመስል ያወጡታል። ድንቹንም በጣት ውፍረት ቆርጠው እንዲሁ ይጠብሱታል። በሰሜን እንግሊዝ አገር ብዙ ባለሱቆች እስከ ዛሬ በዘይት ፈንታ በበሬ ሞራ ይጠብሳሉ። በላዩ ጨውና እኛ አቼቶ የምንለውን ኮምጣጤ ያደርጉበታል፤ የወደደም ተቀቅሎ የላመ አተር ያስጨምራል። እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ድረስ አሮጌ ጋዜጣ መጠቅለያው ነበር።

ይህ ምግብ የእንግሊዝ ብሔራዊ ምግብ ይባል እንጂ አመጣጡ ከብዙ አገር ነው። ዓሣን በዘይት መጥበስን ወደ እንግሊዝ ያስገቡት ከስፔንና ከፖርቱጋል ተሰደው የመጡ አይሁድ እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ድንችም የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ሁለቱን አጣምሮ መጀመሪያ የሸጠው ማን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ ክርክር አለ። የለንደን ሰዎች በ1860 ገደማ ሱቅ የከፈተውን ጆሴፍ ማሊን የተባለ አይሁዳዊ ስደተኛ ሲጠሩ፣ የላንክሻየር ሰዎች ደግሞ በ1863 ገደማ ሞስሊ በምትባል ከተማ ይሸጥ የነበረውን ጆን ሊስን ይጠራሉ። ማን እንደ ቀደመ ለመፍረድ አልደፍርም። ዛሬ አገሬው «የራሴ» እያለ የሚኮራበት ምግብ በስደተኛ እጅ የገባ መሆኑ ግን ልብ ሊባል ይገባል።

ምግቡን ከዳር እስከ ዳር ያደረሰው የፋብሪካ ዘመን ነው። ምድር ባቡር እንደ ግሪምስቢና ሃል ካሉት ወደቦች ዓሣውን ሳይበላሽ ወደ መካከለኛው አገር ከተሞች ያደርስ ጀመር። ከ1880ዎቹ ወዲህም በእንፋሎት የሚሄዱ መረብ ጎታች መርከቦች ከሩቅ ባሕር ዓሣውን በገፍ ያመጡ ጀመር። ባልና ሚስት በጥጥ ፋብሪካ ሲሠሩ ውለው ማታ ሲመለሱ፣ እሳት አንድደው እራት ለማብሰል ጊዜውም ጉልበቱም አልነበራቸውም። በመንገዳቸው ላይ ትኩስ፣ የሚያጠግብና ዋጋው የማይከብድ ምግብ አገኙ። ስለዚህ በ1910 ከ25 ሺህ በላይ የነበሩት ሱቆች በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ 35 ሺህ ደረሱ። ጆርጅ ኦርዌል የተባለው ደራሲ በ1937 ስለ ሰሜን እንግሊዝ ድኾች ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝቡን ከዓመፅ ከመለሱት ርካሽ ቅንጦቶች መካከል ይህን ምግብ ቆጥሮታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ሥጋና ቅቤ፣ ስኳርና ሻይ በራሽን ሲታደል፣ መንግሥት ዓሣና ድንችን ከራሽን ውጭ ትቷቸው ነበር። ይህ ለሆድ ብቻ የታሰበ አልነበረም፤ የሕዝቡ ልብ እንዳይወድቅም ጭምር ነው።

እንግዲህ ወደ ዋጋው እንምጣ። የእንግሊዝ መንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አኃዝ እንደሚያሳየው፣ ከ2019 እስከ 2024 ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ የአንድ ሰው ዓሣና ድንች አማካይ ዋጋ ከ50 በመቶ በላይ ጨምሮ ወደ 10 ፓውንድ ተጠግቷል። ይህ አኃዝ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ እትዬ በስልክ ሲያጫውቱኝ፣ «ልጄ፣ ዱሮ ቅዳሜ ማታ ለአራታችን አራት እገዛ ነበር። አሁን ዓሣውን ሁለት ገዝቼ ለአራት እቆርሰዋለሁ፤ ድንቹን እዚሁ ቤት እጠብሳለሁ» አሉኝ። እኔም «ታዲያ እትዬ፣ ከተወደደ ለምን ጨርሰው አይተዉትም?» ብላቸው፣ «ቡና ሲወደድ እናትህ ቡና ማፍላት ትታለች?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

ዋጋው የናረው በአንድ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ባሕሩን እንመልከት። እንግሊዞች ከሚበሉት ኮድ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ዱሮ መርከቦቻቸው በአይስላንድ ዙሪያ እንደ ልባቸው ያጠምዱ ነበር፤ ነገር ግን ከ1958 እስከ 1976 ድረስ «የኮድ ጦርነት» በተባለው ጠብ ትንሿ አይስላንድ ረትታ ባሕሯን እስከ 200 ማይል ከለለች። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ሱቆች እንደ አይስላንድ፣ ኖርዌይና ሩሲያ ያሉትን አገሮች መረብ የሚጠብቁ ሆኑ። አሁን ደግሞ ባሬንትስ በሚባለው ሰሜናዊ ባሕር ኮዱ ስላነሰ፣ ኖርዌይና ሩሲያ በየዓመቱ እንዲጠመድ የሚፈቅዱትን መጠን ቀነሱ፤ በ2024 ወደ 453 ሺህ ቶን የነበረው በ2025 ወደ 340 ሺህ፣ ለ2026 ደግሞ ወደ 285 ሺህ ቶን ወረደ።

ሁለተኛው ጦርነት ነው። ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን በወረረች ጊዜ፣ በዓለም ላይ የሱፍ ዘይት ወደ ውጭ በመላክ አንደኛ የነበረችው ዩክሬን ወደቦቿ ተዘጉባት፤ የመጥበሻው ዘይትም ተወደደ። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሩሲያ ነጭ ዓሣ ላይ 35 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ሦስተኛው ነዳጅ ነው። የዓሣ ጠባሹ ምድጃ ሱቁ ክፍት እስካለ ድረስ አይጠፋም፤ የጋዝ ዋጋ ከ2021 ጀምሮ ሲያሻቅብ፣ ገበያተኛ ቢመጣም ባይመጣም ባለሱቁ ይከፍል ነበር። አራተኛው ግብር ነው። በእንግሊዝ ሕግ ጥሬ ዓሣና ጥሬ ድንች ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፍልም፤ ተጠብሶ ትኩሱን ይዞ ሲወጣ ግን 20 በመቶ ይታሰብበታል። ይህ ግብር ተገዝቶ በሚወሰድ ትኩስ ምግብ ላይ የተጣለው በ1984 ነው። በወረርሽኙ ምክንያት በ2020 ወደ 5 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በሚያዝያ 2022፣ ዘይቱም ጋዙም በተወደደበት ወራት፣ ወደ 20 በመቶ ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ጫና ቢወርድበትም ምግቡ አልሞተም። ሱቆቹ ከዱሮው ቢያንሱም ዛሬም 10 ሺህ ያህል አሉ። ሕዝቡ በዚህ ምግብ የጸናበትን ምክንያት ሳስበው ጣዕሙ ብቻ አይመስለኝም። ሹካና ቢላዋ፣ ጠረጴዛና አስተናጋጅ አይጠይቅም። ባለሥልጣኑም ጫኝና አውራጁም በአንድ ሰልፍ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ በአንድ ዓይነት ወረቀት ይጠቀለልላቸዋል፤ በጣታቸው ይበላሉ። አያት ለልጅ ልጁ የሚገዛለት እርሱ በልጅነቱ የበላውን ነው። ስለዚህ ዋጋው ከአቅም በላይ ሲሆን፣ ድኻው ያጣው አንድ ዓይነት እራት ብቻ አይደለም፤ ከሌላው ሰው ጋር እኩል የሚቆምባትን አንዲት ሰልፍም ያጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ተቃራኒ አስተያየት ይሰማል። አንዳንዶች «በዘይት የተነከረ ምግብ ነው፤ ቢቀር ለጤናም ይበጃል» ይላሉ። በየቀኑ ቢበላ እንደሚጎዳ አልክድም። ይሁን እንጂ ድኻ በሳምንት አንድ ቀን የሚደሰትበትን ነገር ባለጸጋው «ለጤናህ ነው» እያለ ቢያስተወው፣ ምክሩ ከፌዝ ይቆጠራል። ሌሎች ደግሞ «ዓሣው እንዲረክስ ብዙ ይጠመድ» ይላሉ። እነዚህ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ቆልቶ እንደሚበላ ገበሬ ናቸው፤ ለክረምቱ ይጠግብ ይሆናል፤ በመኸር ግን የሚያጭደው የለውም።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ የሚከተለው ነው። ዋጋ የሚጨምርበትን ምክንያት ለይተን እንመልከት። ባሕሩ እንዲያርፍና ዓሣው እንዲራባ ተብሎ የመጣው ውድነት ቢመርም መታገሥ አለብን፤ ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ቁጠባ ነውና። በላተኛውም ከኮድና ከሐዶክ በቀር ሌላ ዓሣ የለም ከማለት ወጥቶ፣ እንደ ሄክ ያለውን ነጭ ዓሣ ቢለምድ፣ በዚያ ባሕር ላይ ያለው ሸክም ይቀልላል። ከግብር የመጣው ውድነት ግን የሰው ሥራ ስለ ሆነ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። ጥሬውን ነፃ አድርጎ፣ ለማብሰል ጊዜ የሌለውን ሠራተኛ በትኩሱ ላይ ማስከፈል፣ ለእኔ ፍትሕ መስሎ አይታየኝም። ግብር ከሌለ ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ግብር ሲጣል አስቀድሞ የሚታየው የከፋዩ ትከሻ መሆን አለበት።

አሁን ያቆየሁትን ሦስተኛ ምክንያት ልናገር። ያ በ2022 የለንደኑን መጥበሻ ያስወደደው የዘይት እጥረት እኛም ቤት ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት የዘይት ዋጋ ሲንር ያልተጨነቀች እናት በየሰፈራችን አልነበረችም። ከትምህርት ቤታችን በር አጠገብ ችብስ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። የወረቀት ጥቅልላቸውን ባሳነሱ ጊዜ፣ ስስታም ናቸው እያሉ ያሟቸው ተማሪዎች ነበሩ። እኒያ እናት ዘይቱን የገዙት በስንት እንደ ሆነ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ዋጋ ሲጨምር በቅርብ የምናየው ሻጩን ነው፤ ባሕሩ፣ ጦርነቱና ቀረጡ ከዓይናችን የራቁ ናቸው። ስለዚህም ቁጣችን ብዙ ጊዜ እንደ እኛው በተቸገረ ሰው ላይ ያርፋል።

ስለ ባሕሩ የተናገርሁትም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ከመጠን በላይ በመጠመዱ እጅግ መመናመኑ የታወቀ ነው። የባሬንትስ ዓሣ ዕረፍት የሚያስፈልገው ከሆነ የጫሞም ያስፈልገዋል።

ውድ ጓደኞቼ፣ እኛ ነገ ነጋዴዎች፣ ግብር ሰብሳቢዎች፣ ሕግ አውጪዎችና የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች እንሆናለን። በየሥራችን ላይ ሳለን ውሳኔያችን በመጨረሻ የሚያርፈው በማን ሳህን ላይ እንደ ሆነ እንጠይቅ። እስከዚያው ግን ከሁላችንም አቅም የማያልፍ አንድ ነገር አለ። ነገ ከትምህርት ስንወጣ ጥቅልሉ አንሶ ብናገኘው፣ ከማማት በፊት «እማማ፣ ዘይቱ አሁን ስንት ገባ?» ብለን እንጠይቃቸው።