ያልታየው ግማሽ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ በራችንን አንኳኳች። 13 ዓመቷ ነው። ፀጉሯን በሻሽ ሸፍናለች። «እትዬ፣ እሷ አለች?» ብላ ልጄን ጠየቀችኝ። ሳሎን ገብታ ሻሹን ስትፈታው ፀጉሯ ከግማሽ ጣት አይበልጥም፤ ግንባሯ ዳር ያለው ደግሞ ሳስቷል። «ስድስት ወር ሙሉ እሷ እንዳለችው ለጋ ቅቤ ተቀባሁ። አጥብቄም ተሠራሁ። የእኔ ለምንድን ነው የማያድገው?» አለችና እንባዋ መጣ።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው። የ17 ዓመቷ ልጄ ሪላክሰር በቃኝ ብላ የለሰለሰውን ፀጉሯን ቆረጠችው፤ ከዚያም ጎፈሬዋ ሲያድግ በቲክቶክ ማሳየት ጀመረች። እኔ ደስ አለኝ፤ አፈርኩም። ሪላክሰር ያስጀመርኳት እኔ ነኛ! በ9 ዓመቷ፣ ጠዋት ጠዋት ማበጠሪያ ይዤ መታገል ሲሰለቸኝ፣ እጇን ይዤ ፀጉር ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ።

በስድስተኛው ወር ግን «በቅቤ ብቻ ትከሻዬ ደረሰ» የሚል ቪዲዮ ለቀቀች። ትከሻዋ ላይ የወረደው ሹሩባ ለዘመድ ሠርግ በተገዛ ፀጉር የተሠራ ነበር። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ። አይቼ ዝም አልኩ። ይባስ ብዬ ቡና ላይ «ቅቤ ብቻ እኮ ነው!» እያልኩ ለጎረቤት አወራሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ልጄን ጠየቅኳት። «እማ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ደግሞ የተገዛ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች። ጥግ ላይ ጥጧን የምትፈትለው እናቴ እንዝርቷን አቆመችና «አፍ ዝም ሲልም ይዋሻል፣ የኔ ልጅ» አለቻት። እኔንም ቀና ብላ አየችኝ።

በማግስቱ ልጆቹን አስቀምጬ የልብስ መለኪያ ሜትሬን አመጣሁ። የሰው ፀጉር በአማካይ በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። የተጠቀለለ ፀጉር ደግሞ ስለሚሰበሰብ ከርዝመቱ በጣም ያጠረ ይመስላል። የትንሿን ልጅ ፀጉር ሳብ አድርገን ስንለካው 6 ሴንቲሜትር ሆነ። ልክ በልኩ አድጓል! ምንም አልጎደላትም። የልጄም የራሷ ፀጉር ከዓመት በኋላ ገና 11 ሴንቲሜትር ነው። ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ መሰባበሩን ይቀንሳል፤ ከሥሩ ግን አያፈጥነውም። የግንባሯን ዳር ያሳሳው አጥብቆ መሠራቱ ይመስለኛል፤ ሹሩባ ሥሩን ሲጎትት ከቆየ ፀጉሩ ይነቀላል፣ ብዙ ከቆየም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ሹሩባውን ተወት አድርጋ ለቆዳ ሐኪም እንድትታይ ከእናቷ ጋር ተነጋግረናል።

ልጄ ማታ ሌላ ቪዲዮ ቀረጸች። ሜትሩን ፀጉሯ ላይ ይዛ «ያኔ ያያችሁት የተገዛ ፀጉር ነበር፤ የእኔ ይኼ ነው» አለች። የተሳደቡ ነበሩ። «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» ያሉ ልጆችም ነበሩ። እሷ ደጋግማ ያነበበችው እነሱን ነው።

የእኔ ዕዳ ግን ቀረ። ሰኞ ዕለት ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ፣ ቶናው ሲቀዳ ተናገርኩ፦ «ቅቤ ብቻ ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር፤ ፀጉሩን የገዛሁት እኔ ነኝ።» ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ስኒዬን እየሞላች «ልጄ ስድስት ወር መስታወት ስትሸሽ ነበር እኮ» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችን ዛሬ የሚያሳዩትን ሌላ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ራሱን ይለካበታል። ስለዚህ «አምሮብሻል» ካልን በኋላ አንዲት ጥያቄ እንጨምር፦ «ያላሳየሽውስ ምንድን ነው?» ጥያቄውን ከራሳችን ብንጀምር ደግሞ ይበልጥ ይሰሙናል።