ዮዮ ስትገዙ ክሩን እዩ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዮዮ ነው። መምህሮቻችን እንዳትቆጡ፣ የማወራው ስለ እረፍት ሰዓት ነው።

ለበዓል የተሰጠኝን ብር አጠራቅሜ ደሴ ፒያሳ መብራት ያለው ዮዮ ገዛሁ። ስወረውረው ይበራል፣ ግን ታች እንደደረሰ ወዲያው ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን መብራቱም ጠፋ። ቅዳሜ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ስሄድ ልጇም ዮዮ አለው፤ መብራት የሌለው፣ ተራ። የሱ ግን ታች ወርዶ እዚያው ይሽከረከራል፣ ክሩን ሳብ ሲያደርገው ይመጣል። በጣም ቀናሁ!

ሁለቱን ከፍተን አየናቸው። የኔ ክር መሐል ካለው ዘንግ ጋር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። የሱ ዘንጉ ላይ የተጠለቀ ቀለበት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዘንጉ ክሩ ውስጥ ይዞራል። እንደ ፈረንጆች በ1928 ካሊፎርኒያ ውስጥ የዮዮ ፋብሪካ የከፈተው ፊሊፒንሳዊው ፔድሮ ፍሎሬስም የሚሸጠው እንደዚህ ያለውን ነበር። ለትንንሽ ልጆች የታሰረው ይሻላል፣ ራሱ ይመለስላቸዋል። ጨዋታውን መማር ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ስገዛ ባለሱቁን "አንዴ ልሞክረው" ብዬው "ካልገዛህ አትንካ" ብሎኝ ነበር። ይሄ ልክ አይመስለኝም። ኳስ አንጥረን አይደል እንዴ የምንገዛው? እስክሪብቶ እንኳ ጫር ጫር አድርገን ነው።

የኔን ግን አልጣልኩትም። ቋጠሮውን ቆረጥነው፤ አያታችን ክር እጥፍ አድርጋ አከረረችልን፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ሆነ። "ይሄማ እንዝርት ነው" ብላ ሳቀችብን። ርዝመቱን ከመሬት እስከ እምብርቴ ለካሁት። አሁን ታች ይቆያል። መብራቱ እንደጠፋ ነው።