የመጻሕፍት ማደሪያ

አንድ ወጣት ሠራተኛ ቤት ተከራይቶ ራሱን ችሎ ለመኖር ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው አልጋ ነው። ከአልጋ ቀጥሎ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ከዚያም ቴሌቪዥንና ብርጭቆ የሚደረደርበት ቡፌ ይመጣል። መጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ ቦታ አይመደብላቸውም፤ ወይ በካርቶን ታሽገው ከአልጋ ሥር ይገባሉ፤ ወይ በመስኮት ላይ ተቆልለው ፀሐይና አቧራ ይፈራረቅባቸዋል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም፤ ከዐይን የራቀ መጽሐፍ ሳይነበብ ይቀራልና።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ አስበውበት ነበር። ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ ብዙ ወራት ደክመው የጻፉትን መጽሐፍ ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ከትተው፣ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ማኅደር ማለት ማደሪያ ማለት ነው። መጽሐፉ ከመሬት ርጥበትና ከምስጥ ይድናል፤ ባለቤቱም መንገድ በተነሣ ጊዜ በትከሻው አንግቶት ይሄዳል። እንግዲህ ማኅደር ለጌጥ ብቻ ሳይሆን የሰውን አኗኗር ተመልክቶ የተሠራ ዕቃ ነበር።

ከባሕር ማዶም ይህን የመሰለ ታሪክ አለ። በ1949 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን አገር ቦኒየር የተባለው የመጻሕፍት አሳታሚ አንድ ውድድር አወጣ። የተፈለገው ዋጋው የማይከብድ፣ ለማጓጓዝና ለመገጣጠም የሚቀል የመጽሐፍ መደርደሪያ ነበር፤ ማስቀመጫ የሌለው ሰው መጽሐፍ ለመግዛት እጁ ያጥራልና። ያሸነፈው ኒልስ ስትሪኒንግ የተባለ አርክቴክት ሲሆን ሚስቱ ካይሳም የሥራው ተካፋይ ነበረች። ኒልስ ከዚያ በፊት የታጠበ ሳሕን የሚንጠፈጠፍበት፣ በፕላስቲክ የተለበጠ የሽቦ ዕቃ ፈልስፎ ነበርና ያንኑ ዘዴ ወደ መጻሕፍት አዞረው። መሰላል የሚመስሉ ሁለት የሽቦ መቆሚያዎች በግድግዳ ላይ ይያዛሉ፤ በመካከላቸው ጣውላዎች ይጋደማሉ፤ ነገሩ ይኸው ነው። መጽሐፍ ሲበዛ ሌላ መሰላል ይጨመራል፤ ባለቤቱ ቤት ሲለቅ ፈታትቶ ይዞት ይሄዳል። ስትሪንግ የተባለው ይህ መደርደሪያ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል።

ምናልባት አንባቢ «ይህ የፈረንጅ ብልኀት ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ያደጉትና በአሜሪካ የሚኖሩት የቤት ዕቃ ነዳፊ አቶ ጆሞ ታሪኩ ሌላ ነገር ያሳዩናል። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት እኚህ ሰው የወንበራቸውን ቅርጽ የሚፈልጉት ከሩቅ አይደለም። አንዱን ከደጋ አጋዘን ቀንድ፣ አንዱን ከሙቀጫ፣ ሌላውንም ከመቋሚያ ወስደዋል። ሥራቸውም በ2021 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በተከፈተ ክፍል ውስጥ ለመታየት በቅቷል። መቋሚያ ወንበር ከሆነ፣ ማኅደርስ ለዛሬው ቤት መደርደሪያ የማይሆንበት ምን ምክንያት አለ?

እኔ በማስተምርበት በገፈርሳ አናጢም በያጅም አይታጣም፤ ባሕር ዛፉም ከደጃችን ነው። የሚያስፈልገው ምን እንደሚፈልግ አውቆ የሚያዝ ሰው ነው። ስለዚህ ልታሠራ የምትሄድ ወዳጄ፣ እነዚህን አራት ነገሮች አትርሳ። አንደኛ፣ መጽሐፍ ከባድ ነው፤ አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሊመዝን ይችላልና ድጋፍ የሌለው ጣውላ ከ80 ሴንቲ ሜትር ባይረዝም ይሻላል፤ ያለዚያ መካከሉ ይጎብጣል። ሁለተኛ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም፤ በጥላ ሥር በሚገባ የደረቀውን ምረጥ። ሦስተኛ፣ የታችኛው ጣውላ ከወለሉ ከፍ ይበል፤ ጀርባውም ነፋስ እንዲያገኝ ከግድግዳው ጥቂት ይራቅ፤ የክረምቱን ርጥበት ታውቀዋለህ። አራተኛ፣ በብሎን የሚፈታ ይሁን፤ ተከራይ ነህና።

«ዛሬ መጽሐፉ ሁሉ በስልክ ውስጥ አለ» የሚሉ አሉ፤ ሐሰትም አይደለም። ሆኖም በስልክ ውስጥ ያለው መጽሐፍ የሚታየው ለባለስልኩ ብቻ ነው። በመደርደሪያ ላይ ያለው ግን ለታናሽ ወንድም፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ቡና ሊጠጣ ለመጣ እንግዳም ይታያል። ከተማሪዎቼ መካከል ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር ሌላ መጽሐፍ በቤታቸው አይተው የማያውቁ አሉ። እነዚህን ልጆች «አንብቡ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ የሚያነቡትን በዐይናቸው ፊት ማኖር ግን ከምክር ይበልጣል።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የሚወረሰው ግን ወራሹ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ደመወዝ ሲመጣ ቡፌው አንድ ወር ይቆይ፤ አናጢው ዘንድ ለመጻሕፍቱ ሂድ።