የልጅ ልጃችን ፈረንሳይኛ «ሐሜሽ ዬሂዶት» እማራለሁ ሲል

በነታንያ ኪካር ሃዓጽማኡት ዞር ዞር ያለ ሰው ከዕብራይስጥ ቀጥሎ ጆሮው የሚገባው ፈረንሳይኛ ነው። በ2014 እና በ2015 በየዓመቱ 7 ሺህ ገደማ አይሁዳውያን ከፈረንሳይ ዓሊያ ሲያደርጉ፣ ቀላል የማይባሉት ከተማችንን መረጡ። ስለዚህ የልጅ ልጆቻችን «ፈረንሳይኛ በሐሜሽ ዬሂዶት እማራለሁ» ብለው ቤት ቢመጡ አይገርምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባግሩት ትምህርት በዬሂዶት ይቆጠራል። ሙሉ ባግሩት ለማግኘት ቢያንስ 21 ዬሂዶት ያስፈልጋል፤ ከትምህርቶቹም ቢያንስ አንዱ በ5 መሆን አለበት። እንግሊዝኛ ግዴታ ነው፣ ፈረንሳይኛ ምርጫ። በ5 ተፈትኖ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ቦኑስ ይጨመርለታል። ትልቁ ቦኑስ ግን የሒሳብ ነው፤ ይህን ብዙ ወላጅ አያውቅም።

ከፈረንሳይ የመጣው ልጅ ቋንቋውን ከእናቱ ጓዳ ይዞት ነው የመጣው። የእኛ ልጅ ከፊደል ይጀምራል። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የተማረ ከሆነ ይደርስበታል። በ10ኛ ክፍል ጓደኞቹን ተከትሎ የሚገባ ከሆነ ግን ከባድ ነው፤ ሒሳብ የሚያጠናበትንም ሰዓት ይበላበታል።

«የእነሱ ቋንቋ ነው፣ ምን ያደርግልሃል» ማለት ግን ልክ አይመስለኝም። በ1867 ቤተ እስራኤልን ለማየት ወደ ኢትዮጵያ የመጣውን ዮሴፍ ሃሌቪን የላከው ፓሪስ ያለው የአሊያንስ ድርጅት ነበር። ታምራት አማኑኤልም በ1905 ከፋይትሎቪች ጋር ወደ ፓሪስ ሄዶ በአሊያንስ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በኋላ አዲስ አበባ ለልጆቻችን የተከፈተውን ትምህርት ቤት የመራው እሱ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርታችን በፈረንሳይኛ በኩል መጣ ማለት ይቻላል። (አዲስ አበባን የሚያውቅ ደግሞ ለገሃርን ያስታውስ፤ ስሙ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት።)

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አማርኛም የባግሩት ትምህርት ነው። ፈረንሳዮቹ ልጆቻቸው በቤታቸው ቋንቋ ነጥብ እንዲያገኙ ይጠይቃሉ፤ ከእኛ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እርግጥ ብዙዎቹ የልጅ ልጆቻችን በአማርኛ ሲጠየቁ በዕብራይስጥ ነው የሚመልሱት፤ ማንበብማ ጨርሶ አልተማሩም። እነሱም ቢሆኑ ከፊደል መጀመራቸው ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ አያት አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ዘፈን አለ። ለፈረንሳይኛው ይህን ማን ይሰጠዋል?

ትምህርት ቤት ክፍል የሚከፍተው በቂ ተማሪና መምህር ሲያገኝ ነው። ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በ9ኛ ክፍል መጨረሻ ስለሚደረግ፣ ጥያቄው ከዚያ በፊት በወላጆች ስብሰባ ላይ መነሳት አለበት። ዕብራይስጥ የሚቸግራችሁ መጋሼሩን ይዛችሁ ግቡ፤ ሦስት አራት ቤተሰብ አብሮ ቢሄድ ደግሞ የበለጠ ይሰማል።