ከኮሮና የዳነ ሰው መከተብ ነበረበት ወይ?

የሙግቱ ጥያቄ፦ ታኅሣሥ 2014 ሰሜን ወሎ ከሰሜኑ ጦርነት ገና ሲያገግም፣ ለኮሮና ክትባት የሰው ኃይልና ማቀዝቀዣ መመደብ ተገቢ ነበር?

ከመርሳ፦ ሕፃናቱ ይቅደሙ ነበር

የዚያን ጊዜዋን ወረዳችንን፣ ሀብሩን፣ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተፈናቃዩ ገና መመለሱ ነው፤ ለወራት የኩፍኝ ክትባት ያለፋቸው ሕፃናት አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ ያው አንዷ ናት። እሷን ለአዋቂዎች የኮሮና መርፌ ማሰማራት የኩፍኙን ሥራ ማዘግየት ነው።

ክትባት አልጠላም፤ ልጆቼን በሙሉ አስከትቤያለሁ። ነገሬ ሌላ ነው፤ ቫይረሱ ቀድሞን ገብቶ ነበር። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ የደም ጥናት አንቲቦዲ የተገኘባቸው ከ11 በመቶ ገደማ ተነሥተው ከግማሽ በላይ ደርሰዋል። ያኔ ክትባቱ አገር ውስጥ ገና አልተጀመረም። እኛስ? በመጠለያ ተጨናንቀን የከረምን ሰዎች ከዚያ ያነሰ ተይዘናል ብዬ አላምንም።

ታሞ የዳነ ሰው ሰውነት የሚያውቀው ቫይረሱን በሙሉ ነው። ለእኛ ከመጡት ክትባቶች አስትራዜኔካም ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንም የሚያሳዩት ስፓይክ የሚባለውን የላይኛውን ፕሮቲን ብቻ ነው። አንቲቦዲው በወራት ቢቀንስ እንኳ ቫይረሱን የሚያስታውሱት ቲ-ሴሎች ይቆያሉ። ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ከመጣ በኋላ በኳታር የተሠራ ጥናት፣ ቀድሞ መያዝ ከጽኑ ሕመም 88 በመቶ ያህል እንደሚከላከል አሳይቷል። በዚያ ላይ ግማሽ ያህሉ ሕዝባችን ከ20 ዓመት በታች ነው። ታዲያ ባለችን ጥቂት አቅም ኩፍኝን ማስቀደም ምን ነውር አለው?

ከወልድያ፦ አረጋውያኑን ማን ያስባቸው?

ጋሼ፣ የኩፍኙን ነገር አልከራከርዎትም። እኔም አስቀድመዋለሁ። ግን የጠቀሱት የኳታር ጥናት ሌላም ቁጥር አለው፤ ቀድሞ መያዝ ዳግም ከመያዝ ያስጥል የነበረው ለቀደሙት ዝርያዎች 90 በመቶ ገደማ ነበር፣ ለኦሚክሮን 56 በመቶ ሆነ። ኦሚክሮን የታወቀው ኅዳር 2014 ነው፤ ወልድያ ነፃ ከመውጣቷ አንድ ወር ግድም ቀድሞ።

ደግሞ «ታሞ የዳነ» ሲሉ ያልዳነውን ትተውታል። በበሽታ የሚገኝ መከላከያ ዋጋው በሽታው ራሱ ነው። የስኳር ሕመምተኛዋ እናት፣ ደም ግፊት ያለባቸው አባት ይህን ዋጋ በነፍሳቸው ይከፍላሉ። ኦክስጅን በሌለበት ከተማ ደግሞ ይብሳል። የዳነውም ሁሉ እኩል አይጠበቅም፤ ቀለል ብሎት ያለፈ ሰው ብዙ ጊዜ ጥቂት አንቲቦዲ ይዞ ይቀራል። ማን ምን ያህል እንዳለው ለማወቅ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ምርመራው ሀብሩ ውስጥ የት ነበር?

ታሞ የዳነን ሰው መከተብም ትርፍ ሥራ አይደለም። የቀድሞው ሕመም ያስተማራቸው የማስታወሻ ሴሎች መርፌውን ሲያገኙ ፈጥነው ይነሣሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ካገኘ ሰው የተሻለ መከላከያ ይኖረዋል። ለዚህ አንድ መርፌ እንኳ ብዙ ያግዛል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በአንድ ጊዜ የሚያልቅ መሆኑ ዛሬ እዚህ ነገ ደሴ ለሚል ተፈናቃይ የተመቸ ነበር።

ማቀዝቀዣውን በተመለከተ ደግሞ፣ የካቲት 28 ቀን 2013 ክትባት ለአገሮች ያከፋፍል በነበረው በኮቫክስ በኩል የገባው 2.2 ሚሊዮን ያህል አስትራዜኔካ ይቀመጥ የነበረው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። የኩፍኙም እንደዚያው። ለአንዱ የተጠገነ ፍሪጅ ለሌላውም ያገለግላል፤ ሕፃኑን ይዛ የመጣችው አያትም በዚያው ቀን ልትከተብ ትችል ነበር።

ከመርሳ፣ መልስ

በአያቷ ነገር ረትተሽኛል ልጄ፤ አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ይከተቡ። ጤነኛውን የ20 ዓመት ወጣት ለማዳረስ ቤት ለቤት መዞርን ግን አሁንም አልቀበልም። ያ ቀን ለኩፍኝ መዋል ነበረበት።

ከወልድያ፣ መልስ

በዚህ እንስማማለን፣ ጋሼ። እንግዲህ የወረዳና የዞን ጤና ጽሕፈት ቤቶች አደራ፦ በየቀበሌው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትንና የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ያለባቸውን ከአሁኑ መዝግቡ። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ መጀመሪያ ማን ቤት እንደሚኬድ ይታወቅ።