ወንዙ ሲሞላ መረቡ ይነሣ

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ ተማሪውም ወደየትውልድ ቀዬው ይበተናል። በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች ያደገ ተማሪ የዚህን ወቅት መልክ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከዳር እስከ ዳር ሞልተው፣ የደጋውን አፈር ተሸክመው፣ ደፍርሰው ይወርዳሉ። ወንዙ የሚያወርደውን ሁሉም ያያል። በዚያው ውሃ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ መኖሩን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ከሐይቁ የተነሡ ዓሦች ሙላቱን እየቀዘፉ ወደ ገባር ጅረቶች ይጓዛሉ። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ይህንኑ ጉዞ ነው። አቋማችንንም ከወዲሁ እንገልጻለን፤ ዓሦቹ ለመራባት ወደ ወንዝ በሚወጡባቸው ሳምንታት፣ ወንዞቹ ከሐይቁ በሚገናኙበት ሥፍራና በገባሮቻቸው ላይ የሚደረገው ማስገር ሊቆም ይገባል።

በአካባቢው አጠራር «ነጭ ዓሣ» የሚባሉት እነዚህ ዓሦች በሳይንሳዊ ስማቸው ላቤዮባርበስ ይሰኛሉ። ለገበያተኛው ሁሉም አንድ ናቸው። ተመራማሪዎች ግን የአፋቸውን ቅርጽ፣ የሰውነታቸውን ይዞታ፣ ምግባቸውንና የሚኖሩበትን የውሃ ጥልቀት አጥንተው በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች መኖራቸውን ገልጸዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወር በመሆኑ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም። በዚህ ምክንያት የጣና ዓሦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ከሌላው ተነጥለው ኖረዋል፤ እንደየምግባቸውና እንደየመኖሪያቸውም ተለያይተዋል። ከመካከላቸው 8ቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው። ይህም ያስደንቃል፤ ምክንያቱም የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ያለው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

በዓለም ላይ ይህን የሚመስል የዓሣ ስብስብ በፊሊፒንስ በሚገኘው ላናኦ ሐይቅ ውስጥም ነበር። «ነበር» ማለታችን በምክንያት ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ በዚያ ሐይቅና መውጫው ብቻ ይገኙ ከነበሩት 17 ዝርያዎች 15ቱ ከምድር ገጽ መጥፋታቸውን አስታውቋል። ለጥፋቱ ምክንያት ሆነው የተጠቀሱትም ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦች፣ ከመጠን ያለፈ ማስገርና አውዳሚ የማስገር ዘዴዎች ናቸው። እንግዲህ ጣና የቀረው ምን ያህል ብርቅ ነገር እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዓሦቹ በክረምት ወደ ወንዝ የሚወጡበትን ምክንያት እንመልከት። ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ለእንቁላላቸው የሚፈልጉት ንጹሕና በኦክስጅን የበለጸገ ወራጅ ውሃ፣ ከሥሩም ጠጠር ያለበት ወለል ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ሲቀመጥ ወራጁ ውሃ ኦክስጅን ያቀብለዋል። በደለል ከተሸፈነ ግን ታፍኖ ይሞታል። ጭቃማ የሆነው የወንዞቹ የታችኛው ክፍል ለዚህ አይመችም። ስለዚህ ዓሦቹ በመጀመሪያ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ሥፍራ ይሰባሰባሉ፤ ከዚያም ዋናውን ወንዝ ተከትለው ወደ ትናንሾቹ ገባሮች ይዘልቃሉ። የጉዞው ወቅት በጥቅሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሲሆን የሚበረታውም በነሐሴና በመስከረም ነው። ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ በሐይቁ ዳርቻ ታሳድጋለች። ለነጭ ዓሣ ግን መንገዱ አንድ ነው፤ እርሱም በወንዙ በር ያልፋል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ በር ነው። በሰፊው ሐይቅ ተበታትኖ የሚኖረው ዓሣ በነዚህ ሳምንታት በጠባብ ሥፍራ ይታጨቃል። መረብ የዘረጋ ሰው በሌላ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ደክሞ የማያገኘውን ያህል በአንድ ሌሊት ያገኛል። የሚያገኘው ግን እንቁላል ያዘለችውን እናት ነው። ላቤዮባርበስ በዝግታ የሚያድግ፣ ዘግይቶም ለመራባት የሚደርስ ዓሣ በመሆኑ የጠፋውን በፍጥነት አይተካም። ከመረቡ የከፋ ዘዴም አለ። በገባር ጅረቶች ላይ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ውስጥ ይጨመራል። በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ሕዋሳት በኦክስጅን ተጠቅመው ኃይል እንዳያመነጩ ያግዳል። መረብ በዓይኑ ስፋት ልክ ትልቁን ከትንሹ ይለያል፤ ብርብራ ግን ትልቁንም፣ ትንሹንም፣ ዓሣው የሚመገባቸውን የውሃ ነፍሳትም አይምርም።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ዘመናዊ መረቦች በጣና ሥራ ላይ የዋሉት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል የነበረውን ለውጥ አነጻጽሯል። በዚህም መሠረት ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ላቤዮባርበሶች ክብደት በ75 በመቶ ገደማ፣ የታዳጊዎቹ ቁጥር ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ ቀንሷል። አጥኚዎቹ ለዚህ ምክንያት ናቸው ብለው ከጠቀሷቸው መካከል የንግድ መረብ ማስገርና በወንዞች ላይ የሚደረገው የብርብራ ምረዛ ይገኙበታል። ከሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ የሚያሳስበን ሁለተኛው ነው። ታዳጊ የሌለው የዓሣ ሀብት ወራሽ የሌለው ቤት ነው።

«ሕግ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሕግ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል፤ በመርዝ ማስገርም የተከለከለ ነው። ጣናና አካባቢውም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ነገር ግን አዋጅ በወረቀት ላይ መኖሩ በነሐሴ ሌሊት መረብ አያስነሣም።

በሌላው ዓለም የተለመደውን አሠራር ማየት ይጠቅማል። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣም እንደ ነጭ ዓሣ ወራጅ ውሃና ጠጠር ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል። ቡናማው ትራውት የሚራባው በአውሮፓ መጸውና ክረምት ነው። ስለዚህም በእንግሊዝ ወንዞች በጥቅሉ ከጥቅምት መግቢያ እስከ መጋቢት ድረስ እርሱን ማስገር ይከለከላል። ወቅቱ ሲከፈትም ሊያዝ የሚችለው ዓሣ መጠንና ብዛት በደንብ ይወሰናል። በዚያ አገር ያለ አስጋሪ ይህን የሚያከብረው ፖሊስን በመፍራት ብቻ አይደለም፤ የወንዙ መዘጋት የሚመጣውን ዓመት ዓሣ እንደሚያስገኝለት ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ትራውት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቅቋል፤ በዚያም ለማስገር ፈቃድ ይጠየቃል። ከውጭ ለመጣው ዓሣ ሥርዓት ማበጀት ከቻልን፣ ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ ለማይገኘው ዓሣ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየንም።

በአቋማችን ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ግን አቅልለን አናያቸውም። የመጀመሪያው የኑሮ ጉዳይ ነው። ክረምት ጎተራ የሚራቆትበት ወቅት ነው፤ በወንዝ ዳር የሚኖር ገበሬ በደጁ የሚያልፈውን ዓሣ እንዲተው መጠየቅ ቀላል አይደለም። ይሁንና እኛ የምንለው ሐይቁ ሁሉ ይዘጋ አይደለም። የሚዘጋው ሥፍራ ጠባብ፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ በቀረው የሐይቁ ክፍል ማስገር ይቀጥላል። የዓሣ ገበያ ከሁሉ ይበልጥ የሚደራውም በዐቢይ ጾም እንጂ በነሐሴ አይደለም። ገበሬው ዛሬ የሚተዋት አንዲት እናት ዓሣ ነገ በብዙ እጥፍ ትመለሳለች። ያም ሆኖ ሸክሙን ለብቻው እንዲሸከም መተው ፍትሕ አይሆንም፤ በእነዚህ ሳምንታት የወንዝ ጥበቃውን ሥራ በክፍያ ለአካባቢው አስጋሪዎችና ገበሬዎች መስጠት ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ችግሩ መረብ ብቻ አይደለም» የሚለው ነው። እውነት ነው። የተራቆተው ደጋ ደለል ይልካል፤ በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ዓሣው ለእንቁላሉ የሚፈልገው ጠጠርና አሸዋም ለግንባታ እየተጫነ ይሄዳል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ተንሰራፍቷል። ነገር ግን ተራራን መልሶ በደን ማልበስ የዓመታት ሥራ ሲሆን መረብን ማንሣት የአንድ ቀን ውሳኔ ነው። ረጅሙን ሥራ እስክንጨርስ ድረስ ዓሣው ሊቆየን ይገባል።

ስለዚህ ከሚመለከታቸው ሁሉ የምንጠይቀው ይህ ነው። የሚዘጉት ሥፍራዎችና ቀናት ከአስጋሪዎች ጋር በመመካከር ይወሰኑ፤ ሰው ሁሉ በሚያውቃቸው በዓላትና ወራት ስም በግልጽ ይነገሩ። የብርብራ ምረዛ በየቀበሌው እንደ ነውር ይቆጠር። ተመራማሪዎችም በየዓመቱ የሚለኩትን የታዳጊ ዓሣ ብዛት በአስጋሪው ቋንቋ ለአስጋሪው ያስረዱ።

ለናንተ ለተማሪዎችም ድርሻ አለ። በዚህ ክረምት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ወደ ወንዙ ውረዱ። ዓሦቹ በየትኛው ቀን መታየት እንደጀመሩ፣ የትኛው ጅረት ጠጠር እንዳለው፣ የትኛውስ በደለል እንደተሞላ መዝግቡ። ቀድሞ ምን ያህል ዓሣ ይወጣ እንደነበር አባቶቻችሁን ጠይቁ። ደብተርና ትዕግሥት እንጂ ሌላ መሣሪያ አያሻችሁም። በዚያው አጋጣሚ ጠጠር የሚፈልገውን እንቁላል ነገር ለጎረቤት ብታስረዱ፣ አዋጁ ያልደረሰበት ቦታ ዕውቀት ሊደርስ ይችላል።